የቡችላ አፍና የደጅ ውዳቂ

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ስለ ቡችላ ነው፤ ይልቁንም ቡችላ ከደጅ እየለቃቀመ ስለሚያኝከውና ስለሚውጠው ውዳቂ ነው። «በዚህ ሁሉ የሥራ ብዛት መካከል የቡችላ ነገር ምን ያስነግራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን ውሻ ከደጅ ያነሣው ነገር በደጅ አይቀርም። ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል፤ በልጆች እጅ፣ በጓሮ ጎመን፣ በበጎች ግጦሽ በኩል አድርጎ ከሰው ጉበትና ሳንባ ድረስ ይደርሳል። እንዴት እንደሚደርስም ወደ ኋላ እገልጠዋለሁ።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አድርገን ብንመለከተው ይቀለናል። ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ ደጋ ላይ አቀስታን አልፎ ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ከላላ የሚዘልቅ መንገደኛ የሚያየው አገር የገብስና የበግ አገር ነው። በዚያ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም፤ በረቱን ከጅብና ከቀበሮ፣ ግቢውንም ከሌባ እንዲጠብቅለት ነው። ለሥራ ተዛውሮ ወደ ከላላ የገባ አስተማሪ ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ከጎረቤት አንድ ቡችላ ይሰጠዋል። ቡችላውም ሦስት ወር ሲሆነው ከአጥር ውጭ ብቅ ማለት ይጀምራል። ከአጥር ውጭ ደግሞ ምን አለ? ከገበያ የተረፈ አጥንት፣ የበግ ቀንድና ሰኰና፣ ቅባት የነካው ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማ፣ የጠፍር ቍራጭ፣ ኩበት፣ አንዳንድ ጊዜም ማንም ያልቀበረው የሞተ አህያ አለ። ለእኛ ጥራጊ የሆነው ለእርሱ ድግስ ነው። ይህ ነገር የከላላ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ከሥጋ ቤት በስተጀርባ ያለውን ስፍራ የሚያውቅ ሰው ምስክር ነው።

አስቀድሞ ቡችላ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ልማድን መንቀል አይቻልምና። ሕፃን ልጅ አዲስ ነገር ሲያገኝ በእጁ ይይዘዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ኋላም ወደ አፉ ይወስደዋል። ቡችላ እጅ ስለ ሌለው መያዣውም፣ ማገላበጫውም፣ መቅመሻውም አፉ ብቻ ነው። በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የወተት ጥርሶቹ መብቀል ይጀምራሉ፤ ቍጥራቸውም 28 ነው። አራት ወር ገደማ ሲሞላው እነዚህ እየወለቁ በምትካቸው ቋሚዎቹ ጥርሶች ይወጣሉ፤ እስከ ሰባተኛው ወርም 42 ጥርሶች ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከውና ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ይህን ክፋት ነው ብሎ የሚቈጣ ሰው ጥርስ በሚያበቅል ልጁ ላይ እንደሚቈጣ ያለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ራብ ነው፤ ስለዚህም እውነቱን መነጋገር ይሻላል። በብዙዎቻችን ቤት ለውሻ የሚሰጠው በቀን አንድ ጊዜ የተረፈ እንጀራ ነው፤ እርሱም ከተረፈ ነው። ቡችላ ግን እስከ አራት ወሩ ድረስ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከዚያም እስከ ስድስተኛው ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ መብላት ያስፈልገዋል። የራበውን ቡችላ ከደጅ አትልቀም ብሎ ማስተማር ደመወዝ ያልተከፈለውን ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ንቃ ብሎ እንደ ማዘዝ ይቈጠራል። የገብስ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከጥቂት የበሰለ ሥጋ ወይም ከዕንቍላል ጋር ተደባልቆ ቢሰጠው ከመንደሩ ጥራጊ ግማሹን ያስንቀዋል። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ባይለመድ መልካም ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርሱ ናቸውና። በልቶ የማይጠግብ፣ ሆዱ እየተነፋ ጎድኑ የሚቈጠር ቡችላ ደግሞ ትል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ይህ የሚታከመው በተግሣጽ ሳይሆን በመድኃኒት ነው።

እንግዲህ ቡችላው ጠግቦም ከደጅ ያነሣል እንበል። በዚህ ጊዜ ከእኛ ዘንድ የሚሠራው ምንድን ነው? ሰውየው ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ ድንጋይ ያነሣል፤ ከደረሰበትም መንጋጋውን ፈልቅቆ አጥንቱን ያወጣል። ይህ ሁሉ ከታሰበው ዓላማ ጋር የሚጻረር ነው። ሌባ ሲያሳድዱት የሰረቀውን ይደብቃል፤ ቡችላ ግን የሚደብቅበት ኪስ ስለ ሌለው ይውጠዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በኋላ ጌታው ገና ከሩቅ ሲመጣ ሲያይ ሳያኝክ መዋጥን ይማራል። ጣቱንም ወደ አፉ የሚሰድ ሰው ሌላ አደጋ ይጠራል፤ ቡችላው ያልተከተበ እንደ ሆነ በለሐጩ በኩል የእብድ ውሻ በሽታ በትንሽ ጭረት ሊገባ ይችላል። ከዚህም በላይ ምግቡን በጕልበት የተቀማ ውሻ ሲያድግ በምግቡ አጠገብ ያለፈውን ሕፃን የሚነክስ ይሆናል።

ስለዚህ ቡችላውን ሁለት ቃላት ማስተማር ይበቃል፤ እነርሱም «ተው» እና «ጣል» ናቸው። ትምህርቱ የሚጀመረው በደጅ አይደለም፤ ሌላ የሚያማልል ነገር በሌለበት በቤት ውስጥ ነው። ቍራሽ ደረቅ እንጀራ በጭብጣችሁ ይዛችሁ ለቡችላው አቅርቡለት። ይልሳል፣ በእግሩ ይጭራል፣ ይነጫነጫል፤ እናንተ ዝም በሉ። ሰልችቶት አፉን ከእጃችሁ ባራቀ ጊዜ ወዲያውኑ በሌላው እጃችሁ ከእንጀራው የተሻለ ነገር፣ ለምሳሌ የበሰለ ሥጋ ቅንጣት፣ ስጡት። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይደረግ። ቡችላው ነገሩን ሲረዳ ጭብጣችሁን ከማቅረባችሁ በፊት «ተው» ማለት ትጀምራላችሁ። ከዚያም እንጀራው በመሬት ላይ በእግር ሥር ይሆናል፤ ቀጥሎም በግልጥ ይቀመጣል፤ ኋላም በግቢ ውስጥ፣ በመጨረሻም ሁለት ሜትር በሚያህል ገመድ ታስሮ በመንገድ ላይ ይፈተናል። የተከለከለውን ነገር ራሱን እንደ ሽልማት መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ «ተው» ማለት «ትንሽ ቈይተህ ብላ» ማለት እንዳይመስለው ነው።

«ጣል» የሚለው ቃል የሚማረው በልውውጥ ነው። ቡችላው አንድ ነገር ነክሶ ሳለ ሳትቈጡ ቀርባችሁ ጥሩ ሽታ ያለውን ምግብ ወደ አፍንጫው አስጠጉለት፤ አፉን ሲከፍት «ጣል» በሉና ስጡት፤ የጣለውንም ያን ጊዜ አንሡ። አደገኛ ያልሆነ ነገር ከሆነ መልሳችሁ ስጡት፤ መስጠት ማጣት እንዳልሆነ ይማራልና። ሩሲያዊው ሐኪም ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማለት ነው፣ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነበር፤ ዓለም ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ምግብ ከመምጣቱ በፊት ምልክቱን ብቻ ሰምተው ለሐጫቸው በሚፈስ ውሾቹ ነው። ቃላችን ለቡችላው እንዲህ ያለ ምልክት እንዲሆን ነው የምንደክመው። ምልክት እንዲሆን ደግሞ አንድ መሆን አለበት። አባት «ተው»፣ እናት «ክላ»፣ ልጆቹ «አንተ!» ቢሉት፣ የቤት ሠራተኛዋም መጥረጊያ ብታነሣበት፣ ቡችላው አራት አለቆች ያሉት ተላላኪ ሆነ ማለት ነው፤ አራት አለቃ ያለው ተላላኪ ለማን እንደሚታዘዝ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሚያሳክከው ድድ የሚያኝከው ነገር ይፈልጋል፤ ይህንንም አስቀድሞ መስጠት ነው። ወፍራም ጨርቅ በብዙ ቦታ ተቋጥሮ በውሃ ርሶ ከቀዘቀዘ ድዱን ያበርድለታል። ለዚህ በከላላ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ሌሊቱ ራሱ ይበቃል። አሮጌ ጫማ መስጠት ግን ስሕተት ነው፤ ቡችላ አሮጌውን ጫማ ከአዲሱ ለይቶ አያውቅምና። ትምህርቱ እስኪሰምር ድረስ፣ ይልቁንም መንገዱ በውዳቂ የተሞላ በሆነበት ሰፈር፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ የአፍ መሸፈኛ ማድረግ ነውር አይደለም፤ እንዲተነፍስና ውሃ እንዲጠጣ የሚያስችል ብቻ ይሁን። አፉን ጭምድድ አድርጎ በገመድ ማሰር ግን ጭካኔ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ሊገድለውም ይችላል፤ ውሻ የሰውነቱን ሙቀት የሚያወጣው በማለክለክ ነውና።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስሁት ነገር እመለሳለሁ፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። በዓል ደርሶ በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያላየ የቤት አባወራ ጥቂት ነው። «ይህ ለሰው አይሆንም» ይባልና ለውሻው ይጣላል። ያን ጊዜ የተጣለው ከረጢት በውስጡ እጅግ ብዙ የትል ዘር የያዘ ነው። ዘሩ በውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ ትል ይሆናል፤ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ውሻውም ምንም የታመመ አይመስልም። የትሉ ዕንቍላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር እየወጣ በሣር ላይ ይበተናል፤ በጠጕሩና በአፉ ዙሪያም ይጣበቃል። በቀዝቃዛና በርጥብ አፈር፣ እንደ ደጋው ባለ ስፍራ፣ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች፤ ልጅም ቡችላውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራውን ይቈርሳል። በሰው ውስጥ ከረጢቱ የሚያድገው በቀስታ፣ ብዙ ጊዜም በዓመታት ነው፤ ጉበትን ወይም ሳንባን እየገፋ ሲሰፋ ሰውየው ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ሕክምናው በብዙ ሰው ላይ ቀዶ ጥገና የሚጠይቅ ነው፤ ከረጢቱ በሆድ ውስጥ የፈረጠ እንደ ሆነም ለሞት ያሰጋል። በአገራችን ቄራዎች በየጊዜው የተደረጉ ምርመራዎች ይህ ከረጢት በከብትም በበግም ላይ በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል።

የዚህ ትል ዘመድ የሆነ ሌላም አለ። በግ በአንድ ስፍራ እየዞረች፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ መንጋውን መከተል አቅቷት የምትወድቅበትን በሽታ የወሎ በግ አርቢ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በአንጎሏ ውስጥ ያደገው ከረጢት ነው የሚያዞራት። ያች በግ ስትሞት ወይም ስትታረድ ጭንቅላቷ ለውሻ ይጣላል፤ ውሻው አንጎሏን ይበላል፤ ትሉ በሆዱ ይራባል፤ ዕንቍላሉም በዚያው ግጦሽ ላይ ይዘራል። አርቢው በሽታውን በዕድሉ ያሳብባል፤ ነገሩ ግን ከደጁ የወጣ ነው።

ይህ ክፉ ልማድ ሊቈረጥ እንደሚችል ከአይስላንድ ታሪክ እንማራለን። ያች አገር እንደ ደቡብ ወሎ ደጋ የበግና የውሻ አገር ናት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ሕዝቧ በዚህ የከረጢት በሽታ እጅግ ይሠቃይ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1863፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ወደዚያ ሄዶ ውሾችን መረመረ፤ በማግሥቱም ዓመት ሕዝቡ የታመመውን ሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለየቤቱ ታደለ። ኋላም የውሾችን ብዛት የሚወስንና ሆድ ዕቃ እንዲቀበር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ20ኛው መቶ ዓመት በሽታው ከአይስላንድ ጠፋ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በሽታው መቀነስ የጀመረው ዛሬ እኛ ያለን መድኃኒት ሳይፈጠር ነው፤ የጀመረውም ሰው ለውሻው የሚጥለውን ነገር በመለየቱ ነው። እኛ ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው ፍቱን መድኃኒት አለልን፤ የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው መጠን በየሦስት ወሩ ቢሰጠው ውሻው ከእነዚህ ትሎች ይጠራል። ጉበትና ሳንባም ለውሻ መስጠት ግድ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተንፈቅፍቆ ይቀቀል።

ከትሉ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በአንድ የሞተ አህያ ዙሪያ የመንደሩ ውሾች ሁሉ፣ ሌሊትም ጅብ፣ ይሰበሰባሉ፤ ይጣላሉ፤ ይናከሳሉም። ቡችላችሁ በዚያ ድግስ ላይ ከተገኘ ከማን ጋር እንደ ተናከሰ አታውቁም። ስለዚህ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይታደስ። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በውሃና በሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ድረስ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደግሞ ከሰው አልፎ ሌላም የሚጠበቅ ፍጥረት አለ። በቦረናና በሳይንት መካከል ባለው ደጋ፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው ስፍራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላው አገራችን የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. እና እንደ ገና በ1996 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከእነዚህ አራዊት ብዙዎቹን ፈጅቷል። ከሰፈር ጥራጊ ለቅሞ ያልጠገበ ውሻ አይጥና በድን ፍለጋ ወደ ደጋው ይወጣል፤ የሚገናኘውም ከእነርሱ ጋር ነው።

ስለ መርዝም አንድ ነገር ልበል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስትሪክኒን በተባለ መርዝ በተለወሰ ሥጋ ማጥፋት ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው። መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም። መርዙን የበላ ቡችላ ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እግሮቹ ይደርቃሉ፤ ድምፅ ሲሰማ ወይም ሲነካ ይብስበታል። በዚህ ጊዜ ወተት መጋት አያድነውም፤ እንዲያውም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጩኸትና ብርሃን ከልሎ፣ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ነው። ለአይጥ የተቀመጠ መርዝም፣ በመርዙ የሞተ አይጥም እንደዚሁ ያሰጋል።

ከአጥር ዕፀዋት መካከል የጉሎ ፍሬ፣ የአስተናግር ፍሬ፣ የእንዶድ ፍሬና የቍልቋል ወተት ለውሻ ጎጂዎች ናቸው፤ ከሁሉም የሚከፋው የተኘከ የጉሎ ፍሬ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ ጕሮሮና አንጀት ይወጋል። ፌስታልና የጨርቅ ቍራጭ አንጀት ይዘጋል፤ ቡችላው ደጋግሞ ካስመለሰ፣ መብላትም ከተወ፣ ዓይነ ምድርም ካልወጣው ነገ ይሻለዋል ብሎ ማሳደር አይገባም። ጥቂት ሣር ቢቀነጥብ ግን አያሳስብም፤ ጤነኞች ውሾችም ያደርጉታል።

በከተማም ሆነ በወረዳ ያላችሁ አድማጮች፤ ትምህርቱ ሁሉ የሚፈተነው በፋሲካና በአረፋ ሰሞን ነው። ጕድጓዱ ከዋዜማው ይቈፈር፤ ዕርድ ከመጀመሩ በፊት ቡችላው ጠግቦ በልቶ ከግቢው ማዶ ይታሰር። ውሃ የቋጠረው ጉበትና ሳንባ፣ ስትዞር የነበረችም በግ ከሆነች ጭንቅላቷ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጕድጓዱ ይግባ፤ ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ ጎረቤትም ለውሻዬ ብሎ እንዳይወስደው ምክንያቱ ይነገረው። ታሞ የሞተ እንስሳ ከሆነ ደግሞ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይገፈፍና ሳይከፈት እንዳለ ይቀበር፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገር። ጕድጓዱ ከጕልበት በላይ የጠለቀ ይሁን፤ አፈር ከተመለሰበት በኋላም ድንጋይ ይጫንበት፤ ጅብም ውሻም መጫር ያውቃሉና።